ስንጥቁ ያማረ ዳቦ

መካነ ሰላም ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ግድግዳዋ ላይ ሰማያዊ ሐይቅና በረዶ የለበሰ ተራራ የተሣለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ በራሳችን ብርድ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የመጣ ገበያተኛ እዚያ የባዕድ በረዶ ፊት ካልቆመ ፎቶ የተነሣ አይመስለውም። ስልክ ሁሉ ካሜራ ከሆነ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። ሰርግ፣ ምረቃና ጉርድ ፎቶ ባይኖሩ ኖሮ በሩን ድሮ ዘግቼው ነበር። ይህን ማንሣቴ ስለ ራሴ ላወራ ፈልጌ አይደለም፤ ዓይን አለኝ ብዬ የምመጻደቅ ሰው መሆኔ አስቀድሞ እንዲታወቅ ብዬ ነው። ዓይን ያላትስ ባለቤቴ ናት። ይህን የተረዳሁት ስንዴና ገብስ ከቤታችን ከወጡ በኋላ ነው።

ባለቤቴ በጥልፍ ሥራ ትተዳደራለች። የምትጠልፈው ቀሚስ ከአቀስታም ከደጎሎም ይታዘዛል። በሰፈራችን ግን ስሟ የሚነሣው ከጥልፉ ይልቅ በድፎ ዳቦዋ ነበር። የማርያም ማኅበር አለን፤ ማኅበርተኞቹ በየወሩ በተራ ቤታቸው ይደግሳሉ። ተረኛው ቤት ድፎ ይጋግራል፣ ቄሱ ባርከው ይቆርሱታል፣ የተሰበሰበው ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ዳቦ ይቀምሳል። መጨረሻ ላይ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። ሊጥ አልነሣ የሚላት ሴት ታዲያ ተራዋ ሲደርስ ዋዜማውን ወደ እኛ ቤት ብቅ ትላለች። ባለቤቴ ነጠላዋን አደግድጋ ትሄዳለች፤ በማግሥቱ ዳቦው ተነፍቶ፣ ቀልቶ፣ ሽታው ገና ከበሩ ሰው ይቀበላል። እኔም ከሰዎቹ መካከል ደልደል ብዬ ተቀምጬ ያልጋገርኩትን ዳቦ ምስጋና እቀበላለሁ።

እንግዲህ በዳቦ የታመመችው ይህቺው ሴት ናት። ሆዷ ይነፋል፣ ያስመልሳታል፣ እየከሳች ቀሚሷ በየጊዜው ይሰፋታል። ጠበል ገባች፤ ጤና ጣቢያ ተመላለስን፤ ለጨጓራ ነው እየተባለ የተሰጣት መድኃኒት መሳቢያ ሞላ። በመጨረሻ ደሴ ላኩን። እዚያ ደም ሰጥታ፣ ሆዷ በመሣሪያ ታይቶ፣ አንድ ለስላሳ ወጣት ሐኪም አስቀምጦ ነገረን። ሆዷ ግሉተን የሚባለውን አይቀበልም፤ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ፣ ሊጥን አያይዞ የሚለጥጠው ነገር ነው። ዳቦ፣ ማካሮኒ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላ፣ ሁሉም ቀረ። "ጥቂትም ቢሆን አይንኩ፤ ዕድሜ ልክዎን" አላት።

እኔ ቆሽቴ አረረ። "ታዲያ ድንጋይ ትቆርጥም?" አልኩት። ሐኪሙ አልተቆጣም። "ጤፍ አላችሁ፣ ማሽላ አላችሁ፣ ሽምብራ አላችሁ። ሌላ አገር ይህ ሕመም ያለበት ሰው እኮ ጤፍን ፈልጎ ነው የሚያጣው" አለኝ። ንዴቴ ግን እስከ መናኸሪያ አብሮኝ ሄደ።

ሚኒባሱ አቀስታ እስኪደርስ ባለቤቴ በጣቷ እህል ትቆጥራለች። ግራ ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ እኔም ያን ሁሉ ገብስ በመስኮት እየገላመጥኩ ነበር። አቀስታን ካለፍን በኋላ ዞር ብላ፣ "እንጀራስ ይሁን፣ ጤፍ ነው። የማርያምን ዳቦ ምን ላርገው?" አለችኝ።

ነገሩ በሚቀጥለው ማኅበር ቁልጭ ብሎ መጣ። ዳቦው ተባርኮ፣ ተቆርሶ፣ በሰፌድ ሲዞር እሷ ዘንድ ደረሰ። እጇን አልዘረጋችም። አጠገቧ የተቀመጡት የማኅበሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። አፋቸው አይታሰርም፤ ሲያዝኑም ሲቆጡም እኩል ነው የሚጮኹት።

"ምነው ልጄ? የማርያምን ዳቦ ትመልሻለሽ?" አሏት፣ ቤቱ በሙሉ እየሰማ።

"ሐኪም ከልክሎኝ ነው እማማ።"

"የተባረከ ዳቦ ማንን አሞ ያውቃል? ከአንድ ዳቦ ካልቆረስን ምኑን ማኅበርተኛ ሆንን?"

ክፋት አልነበረባቸውም። ቢሆንም የባለቤቴ ፊት በርበሬ መሰለ። ቁራሹን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ቤት ስንገባ ፈታ ለእኔ ሰጠችኝ። እየበላሁላት ሳለ ነው፣ "ተራችን የካቲት አይደል? ደግሼ፣ ጽዋውን ለእማማ አስረክቤ እወጣለሁ" ያለችው። ከእኛ ቀጥሎ ተረኛዋ እማማ ነበሩ። ማኅበሩን የገባችው በእናቷ እግር ነው፤ እናቷ ሲያርፉ መቀመጫቸው ላይ እሷን አስቀመጧት። ከዚያ ቤት መውጣት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም።

"ላንቺ ለብቻሽ የጤፍ ዳቦ ብንጋግርስ?" አልኳት።

"ለብቻዬማ ቤቴስ እበላ የለም እንዴ?" አለች። "አንድ ዳቦ ከሆነ ለሁላችንም አንድ መሆን አለበት። ሰውም እኔም የምንበላው። ካቃተኝ እወጣለሁ።" ወደ ጓዳ ልትገባ ስትል ደግሞ ተመልሳ፣ "አስቀያሚ ዳቦም ሰው ፊት አላቀርብም" አለች።

ገና መስከረም ነበር። አሮጌውን ቡሃቃ ከነሊጡ አስወጣችው፤ ወንፊቱን ለሰው ሰጠችው። ለጥቂት ሳምንት የጤፍ ቂጣ፣ ሩዝና ድንች እየበላች ሰነበተችና ፊቷ ትንሽ ጠራ። የመጀመሪያውን የጤፍ ዳቦ የሞከረችው ያን ሰሞን ነው፤ እርሾ በቤቱ ስላልነበረ እንዲሁ በውኃ አቡክታ ጋገረችው። ጡብ ሆኖ ወጣ። ቢላው ሲያርፍበት ድምፅ ነበረው። ከዚያ አዲስ ቡሃቃ ገዛን፣ እርሾ አገባን፣ እንደገና ሞከረች፤ ያኛው ደግሞ ገና ከምጣዱ ሲወርድ ፍርክስክስ ብሎ በማንኪያ ተበላ። ስንዴ የለመደ እጅ ጤፍ ላይ ግራ ይገባዋል። ስንዴ ሲታሽ ይሳባል፣ ይለጠጣል፣ የነፋውን ይዞ ይቆያል። ጤፍ ግን ብታሸውም ብትለምነውም ጭቃ ነው። ባለቤቴ አልተበሳጨችም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ "ካሜራህን አምጣ" አለችኝ።

"ለዚህ? ለመታወቂያ ነው?"

"ከላይ አንድ፣ ከጎን አንድ፣ ከተቆረሰበት አንድ።"

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ፎቶ ሳይነሣ የተበላ ዳቦ የለም። ለካ ጥልፍ ስትጀምርም እንዲህ ናት፤ መርፌ ከመንካቷ በፊት ንድፉን በእርሳስ ትሥላለች፣ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች፣ ሌላ ሥራ እየሠራች ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ ነው እጇ የሚነሣው። የዳቦዎቹንም ፎቶ አሳተመችኝና ከክሮቿ መደርደሪያ በላይ ደረደረቻቸው። ፖሊስ ጣቢያ የሚለጠፉ ተፈላጊዎች ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ፊቱ የተተረተረ፣ አንዱ ጎኑ የከዳው፣ አንዱ መሐሉ የሰመጠ። እኔ ባየኋቸው ቁጥር እስቃለሁ። እሷ መርፌዋን እያስኬደች ቀና ትልና፣ "ይሄኛው በጎኑ ደህና ነው፤ ኮባው የደገፈው በኩል አልፈረሰም" ትላለች። ኮባ እኛ ዘንድ ድፎ የሚጋገርበት ሰፊ ቅጠል ነው፤ ምጣዱ ላይ ይነጠፍና ሊጡን አቅፎ ይይዘዋል። የስንቱን ሙሽራ ደህናውን ጎን መርጬ የማነሣ ሰው፣ የዚያን ዳቦ ደህና ጎን አላየሁትም ነበር።

ከኢንተርኔት ላይ የሌላ አገር ሰው ያለ ግሉተን የሚጋግረውን እየፈለግሁ አሳያት ጀመር። ኔትወርክ የሚገባው ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ሁለታችንም ደፉ ላይ ቁጭ ብለን ስልክ ላይ ስናፈጥ አላፊ አግዳሚው ጉድ ይል ነበር። አሠራሩን ላነብላት ስጀምር ትከለክለኛለች። ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራው ዱቄት ሞልቶታል። "ያ ሁሉ እዚህ የለም። ጽሑፉን ተወውና ሥዕሉን አስፋልኝ" ትለኛለች። ከዚያ ስልኩን ትቀማኝና በሁለት ጣቷ እያሰፋች የዳቦውን ሆድ ትመረምራለች። አብዛኞቹ በቆርቆሮ ሣጥን የተጋገሩ ነጫጭ ነገሮች ነበሩ። "ሳሙና" እያለች ታልፋቸዋለች። አንድ ቀን ግን አንድ ቡናማ ዳቦ ላይ ቆመች። ቁራሹ ላይ ጥቃቅን ፍሬ ይታያል፤ በፍሬው ዙሪያ እርጥብ የሚመስል ነገር ያብለጨልጫል። ስልኩን ወደ ጥላው አዞረችው።

"ይሄ ተልባ ነው" አለች። "የሚይዘው እሱ ነው። ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚሳብ አታውቅም?"

እንዴት አላውቅም! በየጾሙ ተልባ ፍትፍት ስበላ ነው ያደግሁት። የማውቀውን ነገር በማላውቀው ዳቦ ውስጥ ማየት ግን የእሷ ዓይን ይፈልጋል። ተልባውን ፈጭታ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፈችው፤ ሲሳብ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከትንሽ የሽምብራ ዱቄት ጋር አዋሐደችው። ሊጡ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ላይ ቆመ። ተጋግሮ ሲቆረስም አልፈረሰም። ያን ቀን ፎቶ ያነሣሁት ሳልታዘዝ ነው።

ደስታችን ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ከዚያ ዳቦ ጠገብ አድርጋ በላች፤ በማግሥቱ ሆዷ ተወጠረ፣ አስመለሳት፣ አልጋ ላይ ወደቀች። ከዚያ በፊትም ለካ ሲቆርጣት ሰንብቶ ደብቃኝ ኖሯል። እኔ በሐኪሙ ላይ ተነሣሁ። "ድሮም አያውቅም ብዬ ነበር!" ብዬ ጮኽኩ፤ ብዬ ግን አላውቅም። ምን ቀረን? ወንፊቱ አዲስ፣ ቡሃቃው አዲስ። ወፍጮ ቤት እንኳ በጠዋት ከማንም ቀድመን ደርሰን፣ መጀመሪያ ትንሽ ማሽላ አስገብተን ወፍጮውን አስጠርገን፣ ያንን ዱቄት ለዶሮ ጥለን ነው እህላችንን ያስፈጨነው። ባለ ወፍጮው "የምታስፈጩት ወርቅ ነው ወይ?" እስኪለን ድረስ።

እኔ ስወራጭ እሷ ተኝታ ግድግዳዋን ታያለች። "እነዚያን ሁለቱን አውርድልኝ" አለችኝ። አንዱ የመጀመሪያው ጡብ ነው፤ ሌላው ያማረው ዳቦ። ጎን ለጎን ደረቷ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ጡቡን የበላሁ ሰሞን ደህና ነበርኩ።"

"ተልባው ይሆናላ" አልኳት።

"ተልባማ ዕድሜዬን ሙሉ በልቻለሁ።" የተቆረሰበትን ጎን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ያማረው ዳቦ ሆዱ በዓይን የተሞላ ነው፤ ጡቡ ድፍን ነው፣ አንድ ዓይን የለውም። "ይሄን ዓይን ያወጣለት እርሾው ነው" አለች ቀስ ብላ። "እርሾውን ከየት አመጣነው?"

ከጎረቤታችን ነው ያመጣነው። እኛ ዘንድ ሊጥ ከባዶ አይጀመርም። አዲስ ቡሃቃ የገዛች ሴት ከጎረቤት በኩባያ እርሾ ትቀበላለች፤ የሰጠቻትም ከሌላ የተቀበለችው ነው፤ እንዲህ እየተቀባበሉት ከቤት ቤት ሲዞር ይኖራል። ጎረቤታችን ደግሞ ጤፏን በገብስ ቀይጣ ነው የምታቦካው፤ በዚህ ደጋ የማይቀይጥ ስንት ሰው አለ? እኛ ወንፊት ለውጠን፣ ወፍጮ አስጠርገን፣ ገብሱን በኩባያ ተሸክመን በራሳችን በር አገባነው። እንጀራውም ዳቦውም የሚቦካው በእሱ ነበር። እርሾ ውስጥ ዱቄት መኖሩን ሁለታችንም ዘንግተነዋል።

ጎረቤታችን ከእኛ በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምትለይ ሙስሊም ናት። ዘመዶቿ ቆላ ስለሚያርሱ ማሽላውን የምታመጣልን እሷ ነበረች፤ በገባች በወጣች ቁጥር "አብሽሪ እህቴ፣ አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ" ሳትል አትሄድም። ነገሩን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ያ አላህ! እኔው ነኝ ያሳመምኩሽ?"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ሊጥ ሳቦካ የኖርኩት እኔ አላሰብኩት!"

"ወላሂ ብነግርሽ ኖሮ! ገብስ አለበት ብልሽ ምን ነበረበት!"

ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ።

ባለቤቴ ሲሻላት እርሾን ከባዶ ጀመረችው። የጤፍ ዱቄት በውኃ በጥብጣ በአዲስ ማሰሮ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠች። ብርዱ አላስቦካ አለው። በጋቢ ጠቀለለችው፤ በእኔ ጋቢ። "እኔስ?" ብላት "አንተ አትቦካም" አለችኝ። ከርሞ ከርሞ አንድ ጠዋት አረፋ አወጣ፣ ሽታው ኮምጠጥ አለ። እንደ ትልቅ እንግዳ ፎቶ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ ሆዷ አረፈ፤ ጉንጯ ተመለሰ፤ ያጠበበችውን ቀሚስ መልሳ አሰፋችው። አለቀስኩ ብል ማንም አያምነኝም፣ ስለዚህ አልልም።

አሁን የቀረው መልኩ ነው። ዳቦው ግራጫ ሆኖ አመድ ይመስላል። የገበያ ቀን ተከትያት ወጣሁ። እህል ተራ ገብታ ከየጆንያው ቆንጠር እያደረገች መዳፏ ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ ነጭ ጤፍ፣ ሰርገኛ ጤፍ፣ ነጭ ማሽላ፣ ቀይ ማሽላ፣ ሽምብራ። ክር ስትመርጥ እንደዚሁ ነው የምታደርገው። አንዱ ነጋዴ "እትዬ፣ ትገዣለሽ ወይስ ትሥያለሽ?" ቢላት ቀና ሳትል "ሁለቱንም" አለችው። ቀዩን ማሽላ ነጩ ጤፍ አጠገብ አድርጋ መዳፏን ወደ ፀሐይ ዘረጋችና አሳየችኝ። ሁለቱ አብረው ሲታዩ እውነትም ልብ ይይዛሉ።

ሊጡ ላይ ቀዩን ማሽላ ብታበዛበት ቀለሙ ተገኘ፤ ስንጥቁ ግን እንቢ አለ። ስንዴ እሳት ሲያገኘው ቆዳው ይለጠጣል። የእኛ ዳቦ አይለጠጥም፤ ይፈነዳል። ውኃ ብትቀባው፣ ዘይት ብትቀባው፣ ከላይ ኮባ ብታለብሰው፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ፍም ብትቀንሰው፣ እሱ በፈለገው በኩል ተተርትሮ ይወጣል። "ይሄን ይዤ እማማ ፊት?" ትልና ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ትለጥፈዋለች። ፊታቸውን ያዞሩ ፎቶዎች እየበዙ ሄዱ። የካቲትም እየቀረበ ነበር። አንድ ቀን ነጠላዋን እያጠፈች፣ "እማማ እውነታቸውን ነው፤ ሰው ከአንድ ዳቦ ካልቆረሰ ለምን ይሰበሰባል?" አለችኝ።

ጥር ላይ ደጎሎ ለሰርግ ተጠራሁ። የሙሽራዋን ቀሚስ የጠለፈችው እሷ ስለነበረች አብረን ሄድን። ከተማው ሳንደርስ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። እኔ እንደ ልማዴ ከሾፌሩ ጋር ስነታረክ እሷ ወደ ማሳው ገባች። ስንዴው ከታጨደ ቆይቷል፤ ጥቁሩ አፈር ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ጎንበስ ትላለች፣ ትነሣለች፣ ዞራ በሌላ በኩል ታየዋለች። ዕቃ የጠፋባት መስሎኝ ሄድኩ።

"አንሳልኝ" አለች መሬቱን እያመለከተች።

"ሙሽራ እየጠበቀችኝ መሬት አንሳ ትይኛለሽ?"

"እስኪ እየው። ይሄ አስቀያሚ ነው?"

አየሁት። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንድም ቀን ወደ ታች አይቼ አላውቅም። ትልቁ መስመር ይሄዳል፣ ከእሱ ትንሹ ይወጣል፣ ከትንሹ ሌላ ይወለዳል፣ ዞረው ይገናኙና ሜዳውን ክፍል ክፍል አድርገው ያስጌጡታል። አስቀያሚ አልነበረም። እግዜር ያሳያችሁ፣ ውብ ነበር።

"እኔ እኮ እንዳይሰነጠቅ ነው የምታገለው" አለች። "መሰንጠቁ ካልቀረ የት እንደሚሰነጠቅ እኔ ልንገረው።"

ሾፌሩ ጥሩንባ እስኪነፋብን ድረስ አነሣሁላት። የሙሽራዋ ሰዎች ዘግይተሃል ብለው ሲቆጡኝ እንኳ ቁጣቸው አልገባኝም፤ ልቤ ማሳው ላይ ቀርቷል።

ቤት እንደገባን የመሬቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና ወረቀት አውጥታ ትነድፍ ጀመር። መሐሉ ላይ መስቀል፤ ከመስቀሉ ክንዶች እንደዚያ አፈር መስመር ከመስመር እየወጣ እስከ ዳር ይሄዳል። ሊጡን ኮባው ላይ አሳረፈች፤ ነጭ የጤፍ ዱቄት በወንፊት ነሰነሰችበት፤ ከዚያ ምላጭ ውኃ እየነከረች በንድፏ መሠረት ቆረጥ ቆረጥ አደረገችው። እጇ ሲሄድ ቀሚስ ላይ የምትሠራ ነው የሚመስለው። ክዳኑ ተከደነ፣ ከላይም ከታችም እሳቱ ተደረገ፤ እኔም እንደ ወላድ ባል በር ላይ ተመላለስኩ። ክዳኑን ስታነሣ ዳቦው የታዘዘበት ቦታ ላይ ተከፍቷል። ነጩ ዱቄት ሥር ቀዩ ማሽላ ብቅ ብሎ፣ ነጭ ቀሚስ ላይ የተጠለፈ ቀይ መስቀል ሆኗል።

"እጅሽ ይባረክ" አልኳት።

በቀላሉ የማመሰግን ሰው አይደለሁም። ደንግጣ "ምን ሆንክ?" አለችኝ።

የማኅበሩ ቀን ቤታችን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጎረቤታችን ከጠዋት ጀምሮ ጓዳውን ዘበኛ ሆና ጠበቀችው፤ "ገብስ የነካ እጅ እዚህ አይገባም!" እያለች ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስታጠበች። ጠላ አልተጠመቀም፤ ለጽዋው ብርዝ ተዘጋጀ። ድፎው ከነኮባው ሲቀርብ ሰው አንገቱን አሰገገ። ዓይኔ ከዳቦው ወደ እማማ፣ ከእማማ ወደ ዳቦው ይመላለሳል።

"ይሄ ደግሞ በምን መርፌ ነው የተጠለፈው?" አሉ እማማ። ቤቱ ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ ጓዳው በር ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ቢላውን አነሡ። ስንዴ ቢሆን አይጨንቀኝም ነበር። ይሄ ግን ሰው ሁሉ ፊት ፍርክስክስ ቢልስ? ቢላው ገባ። ዳቦው ያዘ፤ በራሱ በስንጥቁ መስመር ጸጥ ብሎ ተከፈለ። "እንዴ፣ መንገዱን ራሱ ያሳያል" ብለው ቄሱ ፈገግ አሉ። ባለቤቴን ጠርተው እማማ አጠገብ አስቀመጧት። ሰፌዱ ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ደረሰ። እጇን ዘረጋች፣ ቁራሹን አነሣች፣ ጎረሰች። ያን ጉርሻ ከሠርጋችን ቀን ይልቅ አስታውሰዋለሁ፤ ትስማው አትስማው ግድ የለኝም።

እማማ አኘኩ፣ ደግመው አኘኩ። "ስንዴ የለበትም?" "የለበትም እማማ።" "ገብስም?" "የለበትም።" ሁለተኛ ቁራሽ አነሡና ዝም አሉ። እማማ ዝም ብለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጽዋው የሚተላለፍበት ሰዓት ደረሰ። ባለቤቴ በነጠላ የተሸፈነውን ጽዋ አቅፋ ቆመች። አስረክቤ እወጣለሁ ማለቷን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ዛሬ ምን እንደምትል ግን እኔም አላውቅም። እልልታው ቀለጠ፤ እማማ ጽዋውን ተቀበሉ፣ ተሳለሙት። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አልሄዱም። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉና ከብብታቸው ሥር የቆርቆሮ ኩባያ አወጡ። ባዶ ነው፤ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል ማለት ነው፤ ዳቦውን ሳያዩት፣ ሳይቀምሱት። ጎረቤታችንን ቀና ብዬ ባያት ፊቷን አዞረች።

"የኔ እርሾ ገብስ አለበት አሉኝ" አሉ እማማ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ። "በሚቀጥለው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። ካንቺ ካልተቀበልኩ እኔ ቤት ምን ልትበዪ ነው?"

ባለቤቴ ኩባያውን ተቀብላ ጓዳ ገባች። ቆየች። ሰው እልልታውን አቁሞ ጠበቃት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ኩባያው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከላዩ ኮባ ሸፍናለታለች።

"ይጠቅልሉት እማማ፤ ብርድ አይወድም" አለቻቸው።

እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ኩባያውን ጠቀለሉት። ከዚያም ጽዋውን በአንድ እጃቸው፣ እርሾውን በሌላው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ በእልልታ ወጡ።